እትዬ ጥሩወርቅና አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች

ባለፈው ጥር ከደሴ ስመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ወደ ምግብ ቤቱ ሲገባ እኔ መንገዱን ተሻግሬ ሽንኩርትና ፓፓያ ወደምትሸጥ ሴት ሄድኩ።

"ድሮ ወባ መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ታውቂያለሽ?" አልኳት።

የምትመዝነውን ሽንኩርት አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። "ደም መርማሪዋን ነው?"

"አዎ።"

"ሙት ዓመታቸውን እኮ በኅዳር አወጣን። ምንህ ናቸው?"

ምኔ እንደሆኑ ለመናገር ቸገረኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ አለቃዬም አልነበሩም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ሠርተናል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩላቸውም። "አስተማሪዬ ነበሩ" አልኳት።

"አስተማሪም ነበሩ እንዴ?" ብላ ገረማት።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ተመልሼ ተሳፈርኩ። እስከ ጣርማ በር ድረስ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ስለ ልጆቹ ሲያወራኝ ነበር፤ አንዱንም አልሰማሁትም።

ወደ ሮቢት መጀመሪያ የወረድኩት በደርግ ዘመን፣ የመሬት አዋጁ በታወጀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በፊዚክስ ተመርቄ በዩኒቨርሲቲው ረዳት ሆኜ እንደተቀጠርኩ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ከሁለት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተስማምቶ በይፋት ቆላ የጠፈር ጨረር መመልከቻ ጣቢያ ሊያቋቁም ነበር። እነሱ መሣሪያውን ይልካሉ፤ እኛ ሰውና ቦታ እናቀርባለን። ቦታው የተመረጠው በመልክዓ ምድሩ ምክንያት ነው። ከጣርማ በር ብርድ ሮቢት እስካለችበት እስከ ቀወት ሜዳ ሙቀት ለመውረድ በመኪና ብዙ አይፈጅም። አንድ ዓይነት መሣሪያ ተራራው ጫፍ ላይና ሜዳው ላይ ቢቀመጥ፣ ከሰማይ የሚወርደው ነገር በመሀል ባለው አየር ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ማወዳደር ይቻላል።

የሥራው ኃላፊ ዶክተር ይልማ ይህን ሐሳብ ይዘው አምስት ዓመት ዞረዋል። ደብዳቤ ተጻፈ፣ አብዮት መጣ፣ ደብዳቤው ተረሳ፣ እንደገና ተጻፈ። በመጨረሻ መሣሪያውን የያዙት ሳጥኖች አሰብ ወደብ ደረሱ። ከአሰብ የሚመጣ የጭነት መኪና በሮቢት ስለሚያልፍ አዲስ አበባ ሳይደርሱ እዚያው ተራገፉ። በከተማው ውስጥ ጄኔሬተርና ባዶ ክፍል ያለው ወባ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ስለነበር ሳጥኖቹም እኔም እዚያ ገባን። በሚቀጥለው ክፍል እትዬ ጥሩወርቅ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የሰው ደም ያያሉ።

ዕድሜያቸው አርባ ገደማ ነበር። የመንዝ ሰው ናቸው። ለስድስት ወር ተብለው ወደ ቆላው ተመድበው አሥራ አንድ ዓመት ኖረውበታል። ሲያነጋግሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይገፉታል። በግራ እጃቸው መዳፍ ውስጥ የወባ ተሐዋሲ ሲቆጥሩ በአውራ ጣት የሚጫኑት ትንሽ የብረት መቁጠሪያ አይጠፋም፤ ነገር ሲያስቡ ጣታቸው ሳያውቁት ይሠራ ነበር። በቀወት ገጠር ትኩሳት ይዞት ጣቱን ያልተወጋላቸው ሰው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቱቦዎች ገጥሜ ድምፃቸውን በምሞክርበት ቀን ከበሩ ቆመው ሲያዳምጡ አየኋቸው። መሣሪያው ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ ይላል።

"ምንድነው የሚቆጥረው?" አሉኝ።

"ከፍተኛ ኃይል ያላቸው የጠፈር ጨረሮች ከከባቢ አየር ጋር ሲጋጩ የሚፈጥሯቸውን ሁለተኛ ደረጃ ቅንጣቶች ነው" አልኩ።

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉት። "እንደሱ ብለህ ስትነግረኝ አንተም ገና አልገባህም ማለት ነው። በቀላሉ ንገረኝ።"

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። አሰብኩና እንደገና ጀመርኩ። "ከሩቅ፣ ከፀሐይም ማዶ የሚመጣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር አለ። ቀንም ሌሊትም ይወርዳል። ጣራውንም፣ እኔንም፣ እርስዎንም አልፎ ይሄዳል። በዚህ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ነው ጠቅ የሚለው።"

"አሁን በእኔ ውስጥ እያለፈ ነው?"

"እያለፈ ነው።"

"አያምም?"

"አያምም። ከተወለዱ ጀምሮ ሲያልፍብዎት ነው የኖረው።"

የእጃቸውን ጀርባ እያገላበጡ አዩት። "ይህን ሁሉ ዓመት የማይታይ ነገር የምቆጥር እኔ ብቻ ነበር የሚመስለኝ" አሉና ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ቱቦው ለምን ሁለት ሆነ? አንዱ ብቻውን ጠቅ ቢል ከግድግዳው ድንጋይ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው በአንድ ቅጽበት ካሉ ግን ከላይ የመጣ ነገር ሁለቱንም አልፏቸዋል ማለት ነው፤ የምንመዘግበው ያንን ነው፤ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛም ደም የተቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ሁለት ሰው ካላየው ውጤት አንልክም።"

እኔም ከእሳቸው ብዙ ተማርኩ። አንድ ቀን ትኩሳት የያዘው ገበሬ ደም አይተው ሲጨርሱ ወረቀቱ ላይ "አልታየም" ብለው ጻፉ። ለምን "የለም" እንደማይሉ ጠየቅኳቸው።

"የለም ለማለት ደሙን በሙሉ ማየት አለብኝ" አሉ። "እኔ ያየሁት አንድ ጠብታ ነው።"

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከጠዋት ጀምሬ ስመዘግብ ውዬ ዓይኔ ቀልቶ አገኙኝና እርሳሱን ከእጄ ወሰዱት። "የደከመ ዓይን የፈለገውን ነው የሚያየው። ተነሥና ውሃ ጠጣ።"

የላይኛውን ጣቢያ ቦታ ለማየት ከዶክተር ይልማ ጋር ጣርማ በር በምንወጣበት ቅዳሜ እሳቸውም አብሬ ልሂድ አሉ። ሥራቸውን እኩለ ቀን ላይ ጨርሰው ላንድሮቨሩ ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱን ቱቦዎች የያዘውን ሳጥን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሮቢት ላይ ቆጠርን፣ ደብረ ሲና ላይ ቆመን ቆጠርን፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆጠርን። ቁጥሩን በራሳቸው እጅ ጻፉት። በወጣን ቁጥር ይጨምር ነበር።

"ላይ ለምን ይበዛል?"

"አየሩ ይሳሳል። ታች ስንሆን አየሩ ብዙውን ያስቀርልናል።"

ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ተከናንበው ቁልቁል ያን የተቃጠለ ቆላ ተመለከቱ። "እንግዲያው ታች ያለነው ጥላ ሥር ነን ማለት ነው። በዚያ ፀሐይ ጥላ ሥር ናችሁ ቢሉኝ አላምንም ነበር።"

መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን መሿለኪያ አፍ የሚጠብቅ ወታደር የይለፍ ወረቀታችንን እያገላበጠ "ሬዲዮ ነው?" ብሎ ሳጥኑን በጥርጣሬ አየው። ዶክተር ይልማ ማስረዳት ሲጀምሩ ልጁ ይበልጥ ተጠራጠረ። እትዬ ጥሩወርቅ ከመኪናው ወረዱ።

"የሚቆጥር ነገር ነው። ና ስማው" አሉት።

ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ። በቀላሉ፣ እኔ ለእሳቸው እንደነገርኩት ነገሩት። አሳለፈን።

መሿለኪያው መሀል ላይ መኪናውን አቁመን ሞተሩን አጠፋን። ደጅ ያለማቋረጥ ጠቅ ጠቅ ሲል የነበረው ሳጥን ዝም አለ። ከጣራው የሚንጠባጠበውን ውሃ ብቻ ነው የምንሰማው።

"ተበላሸ?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ በሹክሹክታ።

"አልተበላሸም። ከላያችን ያለው ተራራ ነው።"

ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ብዙ ቆይቶ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ።

"ይቺስ እንዴት አለፈች?"

"አንዳንዱ በጣም ጉልበተኛ ነው።"

"ይህን ሁሉ ድንጋይ አልፎ?"

"ይህን ሁሉ ድንጋይ አልፎ።"

ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እስኪያምባርቅ ድረስ ከዚያ አልተነሣንም። ስንወጣ ሳጥኑ እንደገና መናገር ጀመረ። ወታደሩ ምን እንዳገኘን ጠየቀ፤ ነገሩት፤ አላመነም። ዶክተር ይልማ እየመሸ ነው ቢሉም እትዬ ጥሩወርቅ ልጁን ይዘው እንደገና በእግራቸው ገቡ። ሁለቱ ሲመለሱ ወታደሩ ይስቅ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ እስከ ደብረ ሲና ድረስ መቁጠሪያቸውን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑ ቆዩ። ከዚያ "በሜዳው ላይ ግን ለምን ብዙ ሳጥን አስፈለጋችሁ?" አሉ፤ መንገዱን ሙሉ ሲያስቡት የነበረው ያንን ነበር።

ብዙ ያስፈለገን እንዲህ ስለሆነ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ እጅግ ኃይለኛ ነገር ከላይ መጥቶ አየሩን ሲመታ ይሰባበርና በሺህ የሚቆጠር ስብርባሪ ሰፊ ሜዳ ላይ ባንድ ጊዜ ይዘንባል። ስፋቱን ለማወቅ ሳጥኖቹ ተራርቀው መቀመጥ አለባቸው። ለሜዳው ብቻ አሥራ ሁለት ሳጥን ነበረን፤ አሥራ ሁለት ቦታ ከቀወት ገበሬዎች ማሳ ላይ ያስፈልገን ነበር።

ከገበሬ ማኅበሩ ጋር የሚደረገው ስብሰባ ለመስከረም መጨረሻ እሑድ ተያዘ። ከውጭዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮፌሰር ቪክቶር የሚባሉ ሽማግሌ ለዚሁ ሲሉ መጡ። ሕዝቡ የሚያምነው እትዬ ጥሩወርቅን ስለሆነ ነገሩን እንዲያስረዱልን ዶክተር ይልማ ለመኗቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠን ምን እንደሚባል ተነጋገርን።

"ስለ አየር ጠባይ ነው ይበሏቸው" አሉ ዶክተር ይልማ። "ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ይረዳል ቢሏቸው ይበቃል።"

"ይረዳል?"

"በተዘዋዋሪ… ምናልባት አንድ ቀን።"

"አይረዳም ማለት ነው። እንግዲያው አልልም።"

ዶክተር ይልማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ድምፃቸው ግን ከፍ አለ። "እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔ ይህን ሥራ አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ።"

"እኔ ደግሞ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ" አሉ። "ጣትህን ልውጋ ስለው ገበሬው እጁን ዘርግቶ የሚሰጠኝ ለምን ይመስልዎታል? እውነቱን ልናገር ካሉኝ እናገራለሁ። ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

ሌላ ሰው አልነበረም።

እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕዝቡ ትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰበ። አንድ ካድሬ ከእኛ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ለፕሮፌሰሩ ቃል በቃል እንድተረጉምላቸው ከጎናቸው ቆምኩ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ከእኔ ሁለት እርምጃ ቢርቁ ነው።

"እነዚህ ሰዎች ሳጥን ማስቀመጫ ቦታ ይፈልጋሉ" ብለው ጀመሩ። "እያንዳንዱ የአንድ ጎተራ ያህል ቦታ ይይዛል። ዝናብ አያመጣም፤ ዝናብም አያስቀርም። ወባም አያጠፋም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ለእናንተ የሚያደርግላችሁ ነገር የለም፤ የሚጎዳችሁም ነገር የለም። እሺ በሉ አልላችሁም፣ እምቢ በሉም አልላችሁም። ምን እንደሆነ ብቻ ልንገራችሁ።"

ካድሬው ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ዶክተር ይልማ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

"ማሽላው ሲያፈራ ግሪሳ ትጠብቃላችሁ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ሁሉም በየማሳው ማማ ላይ ይወጣል። አንዱ ብቻ ቢጮህ ምን ትላላችሁ?"

"አንድ ሁለት ወፍ ገብቶበታል እንላለን" አለ አንድ ሰው።

"ከዚህ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢጮህስ?"

"መንጋ ወረደ ነዋ።"

"እነዚህ ሳጥኖች ማማ ናቸው። በዓይን የማይታይ መንጋ ከሰማይ ይወርዳል። አንዱ ብቻ ሲጮህ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲጮሁ ትልቅ መንጋ ወረደ ይላሉ። ከየት እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። እነሱም አያውቁም። የመጡት ስለማያውቁ ነው።"

ፕሮፌሰር ቪክቶር ክንዴን ያዙኝ። "ስለ ወፎቹ ያሉትን ድገምልኝ" አሉና በማስታወሻቸው ጻፉት።

ሳጥኑን ከፍተን አሰማናቸው። ሕዝቡ ተጠጋ። ነፍሰ ጡር የነበረች አንዲት ሴት፣ አስካለ የምትባል፣ "በሆዴ ባለው ልጅ ውስጥም ያልፋል?" ብላ ጠየቀች።

"ያልፋል። እናትሽ አንቺን ስታረግዝም ያልፍ ነበር" አሏት።

አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ብዙ ካዳመጡ በኋላ ተነሡ። "ቆጥረውስ ምን ያደርጋሉ?"

"ከየት እንደመጣ ለማወቅ ነው።"

"ካወቁ በኋላስ?"

"ያውቁታላ።"

ሰው ሳቀ፤ አያ ደምሴም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። "ነገሩ ደስ ይላል። እኔ በበኩሌ መጨረሻውን ብሰማ እወዳለሁ። መሬቱ ግን በገመድ ተለክቶ እጃችን የገባው ገና ትናንት ነው። ዛሬ ለሳጥን ብለን ብንሰጥ ነገ ለምን እንደምንጠየቅ አናውቅም።"

ድምፅ ተሰጠ። አንድም ማሳ አልተፈቀደም።

ዶክተር ይልማ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ቃል ሳይለዋወጡ በማግሥቱ እንግዳውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው እትዬ ጥሩወርቅን ከማይክሮስኮፑ ላይ አስነሥተው ወሰዷቸው። በውጭ እንግዳ ፊት ሕዝቡን በልማት ሥራ ላይ ቀስቅሰዋል፤ አሻጥር ነው ተባለ።

ከሰዓት በኋላ እኔን ካድሬው አስጠራኝ። ወረቀትና እስክሪቢቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። "አጠገቧ ነበርክ። የተናገረችውን ጻፍ።"

የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው። በቦታው እንደነበርኩ፣ ነገር ግን ለእንግዳው ሳስረዳ ስለነበር የተናገሩትን በደንብ እንዳልሰማሁ። ፈርሜ ወጣሁ። በእሳቸው ላይ ክፉ ስላልጻፍኩ ያልጎዳኋቸው መስሎኝ ነበር። "እምቢ በሉ አልላችሁም" ማለታቸውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ሌላ ማንም አልተጠየቀም።

ወቅቱ ወባ የሚነሣበት ነበር። ከየገጠሩ በአህያና በጋሪ የሚመጡ በሽተኞች የተዘጋ በር ያገኛሉ። የት ሄዱ ይሉኛል፤ ታስረዋል እላለሁ። ለምን ይሉኛል። መጀመሪያ ዝም እል ነበር፤ በኋላ ግን ለአያ ደምሴ፣ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ሲመጡ፣ ነገርኳቸው። ልጁን ሌላ ሰው እንዲያየው ወደ ደብረ ሲና በሚሄድ መኪና አሳፍረው ላኩትና እሳቸው ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

በገበያው ቀን አያ ደምሴ ሌሎች ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች አስከትለው ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ቆሙ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋቸው።

"ሴትዮዋ አልቀሰቀሱንም" አሉት ካድሬውን። "እምቢ ያልነው በራሳችን ነው። ጥፋት ከሆነ እኛን እሰር።"

ካድሬው ሃያ ሰው በገበያ ቀን ማሰር አልፈለገም። "መሬቱን ስጡና ትፈታለች" አለ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። "እሺ" አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ። ከስተው ነበር። ፊታቸውን ታጥበው የተጠራቀመውን ስላይድ ማየት ጀመሩ። በምን ምክንያት እንደተፈቱ ያወቁት ከበሽተኞቹ ከአንዱ ነው። ያን ጊዜ ማይክሮስኮፑን በጨርቅ ሸፍነው ተነሡ።

"ወዴት ነው?" አልኳቸው።

"አያ ደምሴ ዘንድ።"

አብሬያቸው ሄድኩ። በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ማሽላው ቁመታችንን አልፎ መንገዱን ጋርዶት ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ተጠርተው ሲሰበሰቡ ቁጭ በሉ ቢሏቸው እምቢ ብለው ቆመው ተናገሩ።

"ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ይሁን እንጂ የገባችሁትን ቃል ለእኔ ብላችሁ ከሆነ አልቀበለውም። እኔ እንዳልታሰርኩ ቁጠሩትና እንደገና ምከሩ። የሚሰጥ ይስጥ፤ የማይሰጥም አይስጥ።"

አያ ደምሴ ሰውነታቸውን በበትራቸው ላይ አስደገፉ። "እንደገና ቢያስሩዎትስ?"

"እሱን ያኔ አየዋለሁ።"

"መሬቱን ብንሰጥ እኮ ነገሩ ያልቃል።"

"ለእናንተ አያልቅም፤ ሳጥኑን ባያችሁት ቁጥር እኔን ትረግማላችሁ።"

መጀመሪያ እጇን ያወጣችው አስካለ ናት። "እኔ እሰጣለሁ። ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ያን ቀን ከሰማሁ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል።" ሦስት ሰዎች ተከተሏት። ከሦስቱ የመጨረሻው አያ ደምሴ ነበሩ። "ከማማዬ አጠገብ አድርጉት። ግሪሳ ስጠብቅ እሱም የራሱን ይጠብቃል" አሉ። የቀሩት አልሰጡም፤ ማንም አልተቆጣቸውም። ካድሬው አራት ቦታ ተገኘ የሚል ወረቀት ሲደርሰው ለበላይ የሚጽፈው ነገር ስላገኘ ይመስለኛል ዝም አለ።

ዶክተር ይልማ ተመልሰው አሥራ ሁለቱ አራት መሆናቸውን ሲሰሙ ክፍሌ ውስጥ ብዙ ሰዓት ካርታው ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ክፍል ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ።

"ዝናብ ነው ብለው ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለቱንም አገኝ ነበር" አሉ።

"ያገኙ ነበር። ዝናቡ የቀረ ዓመት ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ያጧቸው ነበር።"

"ታስረው እያሉ አልመጣሁም" አሉ ዶክተር ይልማ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ተቀምጠው ይህንን ይዩልኝ እስቲ" አሏቸውና ማይክሮስኮፑን ለቀቁላቸው። ዶክተር ይልማ የወባ ተሐዋሲ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ቀን ነው።

አራቱ ጎጆዎች ተሠሩ፤ አምስተኛው ጣርማ በር ላይ ተተከለ። ጣቢያው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መለዋወጫ መምጣት አቆመ፣ ስምምነቱም ሳይታደስ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ማሽላው በቆመበት ደርቆ ነበር፤ ያም ሆኖ ሳጥኖቹን የነካ ሰው አልነበረም። አስካለ ሴት ልጅ ወለደች። አያ ደምሴ ባገኙኝ ቁጥር "ከየት እንደሚመጣ ታወቀ?" ይሉኛል፤ "ገና ነው" ስላቸው "አይዞህ" ይሉኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ስናገር የራሴን ነገር አለፍኩት። ጎጆዎቹ ተሠርተው ባለቁ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ የጻፍኩትን ሁለት መስመር ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። ለምን ያን ቀን እንደመረጥኩ አላውቅም። ምናልባት ስላይድ እንዳጥብ አጠገባቸው ስላስቀመጡኝ ይሆናል።

ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሡም። "ሰምተህ ነበር ወይስ አልሰማህም?"

"ሰምቼ ነበር።"

"እስቲ ምን አልኩ?"

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማማው፣ እሺም እምቢም በሉ አልላችሁም ያሉትን። ስጨርስ ቀና አሉ። "ይህን ጻፈውና ውሰድለት።"

"ጉዳዩ ተዘግቷል እኮ።"

"የእኔው ተዘግቷል። ያንተ አልተዘጋም።"

ጻፍኩና ሄድኩ። ካድሬው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ያን ጊዜ ለምን አልጻፍክም?"

"ፈርቼ ነው።"

"አሁንስ አትፈራም?"

"እፈራለሁ" አልኩት።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና እንድወጣ በእጁ አመለከተኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር ያነሣብኝ የለም።

ስመለስ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። "እፈራለሁ አልከው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ።"

"እኔም እኮ ፈርቼ ነበር" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ያን ዕለት ግራሩ ሥር ስናገር ጉልበቴ ይብረከረክ ነበር። አላየህም?"

ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። እያንዳንዱን ቃላቸውን ተርጉሜያለሁ። "አላየሁም" አልኳቸው።

"ረጅሙን ቀሚሴን የለበስኩት ለምን ይመስልሃል?" አሉና ሳቁ።